የቆየ የጀልባ ሞተር ዝገት፦ የትኛውን ክፍል በየትኛው መንገድ ማዳን ይሻላል?

አንድ አሮጌ የጀልባ ሞተር ከከረመበት መጋዘን ወጥቶ ከደሴ በስተሰሜን ባለው በሎጎ ሐይቅ ዳር ወይም በደሴ አንድ ግቢ ውስጥ መሬት እንደነካ፣ ባለቤቱ ገና ክዳኑን ሳያነሳ ምክር ይዘንብበታል። አንዱ «አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈው» ይላል፤ ሌላው «ኮምቦልቻ ወስደህ ሳንድብላስት አስደርገው» ይላል፤ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚያውቀው ደግሞ የባትሪ ቻርጀር ተሸክሞ ይመጣል። ሁሉም እውነታቸውን ነው። እያንዳንዱ ምክር በትክክል የሚሠራበት ክፍል ሞተሩ ላይ አለ፤ ያው ምክር በሌላው ክፍል ላይ ሲውል ግን ዕቃውን ከዝገቱ በባሰ ሁኔታ ይበላዋል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ባለቤቱ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ክፍሎቹን ለይቶ፣ ለየራሳቸው የሚስማማውን መንገድ እንዲመርጥ ነው።

የሐይቁ ውሃም በምርጫው ውስጥ ድርሻ አለው። ሎጎ ሐይቅ ጨዋማ አይደለም፤ ይሁን እንጂ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የሌለው በመሆኑ ውሃው በአብዛኛው በትነት እየቀነሰ የሟሟው ማዕድን እዚያው ይጠራቀማል፤ ፒኤቹም (የአሲድነቱ መለኪያ) ወደ 9 የተጠጋ፣ ማለትም ወደ አልካላይን፣ ወደ አሲድ ተቃራኒው፣ ያደላ ነው። አሉሚኒየምን ከመበላት የሚጠብቀው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ደግሞ በደህና የሚጸናው ፒኤቹ በግምት ከ4 እስከ 8.5 በሆነ ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ «የኛ ውሃ ጣፋጭ ስለሆነ ሞተር አይበላም» የሚለው በዳርቻው የሚሰማ አባባል ለብረቱ ግማሽ እውነት ሲሆን፣ ለአሉሚኒየሙ ግን ጨርሶ አያስተማምንም።

መምረጫ መስፈርቶቹ

የመጀመሪያው መስፈርት የብረቱ ዓይነት ነው። ቁራጭ ማግኔት ይያዙና በየክፍሉ ላይ ያስነኩት። ከሳበና ቀይ ዝገት ካለው ብረት ነው። ካልሳበ፣ ቀላል ከሆነና ነጭ ዱቄት ካወጣ አሉሚኒየም ነው፤ የሞተሩ እግርና የማርሽ ሳጥኑ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተሠሩ ናቸው። አረንጓዴ ያወጣው ነሐስ ወይም መዳብ ነው። የማይስብ፣ ከባድና የማይዝግ ብሎን ደግሞ አይዝጌ ብረት ሊሆን ይችላል። በአሮጌ ሞተሮች ላይ ካርቡሬተሩ አንዳንድ ጊዜ ከዚንክ ቅይጥ የተሠራ ነው፤ ዚንክ አሲድ ሲነካው ስለሚሟሟ ይህን ክፍል አስቀድሞ ነጥሎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የክፍሉ ሥራ ነው። የሞተሩን ክብደት የሚሸከም ማቀፊያ ግማሽ ሚሊሜትር ቢያጣ አይጎዳም፤ ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ዘንግ ግን የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ቢያጣ ሥራው አበቃ። ሦስተኛው የዝገቱ ጥልቀት ነው፦ ላዩን ብቻ የያዘ ነው ወይስ ጉድጓድ ቆፍሯል? አራተኛው በእጅ ያለው ነገር ሲሆን መብራት፣ ኮምፕረሰር፣ ብዙ ንጹሕ ውሃና ጊዜ ከዚህ ይቆጠራሉ። አምስተኛው ለሠራተኛው ያለው አደጋ ነው። ዋጋን ሆን ብዬ በመጨረሻ አስቀምጠዋለሁ፤ ምክንያቱም ርካሹ መንገድ ምትክ የማይገኝለትን ክፍል ካበላሸ በኋላ ርካሽ መሆኑ ይቀራል።

የእጅ ሥራ፦ ሽቦ ብሩሽ፣ መፈቅፈቂያና ብርጭቆ ወረቀት

ለሁሉም ብረት የሚሆን ብቸኛው መንገድ ይህ ነው፤ ጊዜ የሚወስደውም ይኸው ነው። ሁለት ስሕተቶች ግን ይደጋገማሉ። አንደኛው ለብረት ያገለገለውን የሽቦ ብሩሽ ሳይለውጡ አሉሚኒየም ላይ መጠቀም ነው። የብሩሹ ብረት ፍርፋሪ አሉሚኒየሙ ላይ ተሰክቶ ይቀርና እርጥበት ሲያገኝ በየነጥቡ መብላት ይጀምራል። ለአሉሚኒየም የናይለን ብሩሽ ወይም ለእርሱ ብቻ የተለየ የአይዝጌ ብረት ብሩሽ ይያዝ። ሁለተኛው ስሕተት ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሁለት ክፍሎች መጋጠሚያ የሚገባው ውሃ መከላከያ፣ የሚያርፍበትን ገጽ በግራይንደር መነካካት ነው። ይህ ገጽ የሚስተካከለው በጠፍጣፋ ወፍራም መስታወት ላይ 240 ከዚያም 320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ዘርግቶ፣ ክፍሉን በላዩ ላይ እንደ ስምንት ቁጥር እያዞሩ በቀስታ በማሸት ነው። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ሊጨርሰው ይችላል፤ ውሃም በዚያ በኩል አይገባም።

የአሮጌ ሞተር ቀለም እርሳስ ወይም ክሮሜት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈቅፈቅ፤ ውሃ እያርከፈከፉ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መሥራት ግድ ነው።

አሲድ ውስጥ መዘፍዘፍ

የሱቅ አቼቶ 5 በመቶ ያህል አሴቲክ አሲድ አለው። ሲትሪክ አሲድ ደግሞ ዱቄት ሆኖ የሚሸጥ ሲሆን፣ ከ50 እስከ 100 ግራም የሚሆነው በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ሲበጠበጥ ከአቼቶው ፈጥኖ ይሠራል፤ ሽታውም አያስቸግርም። ከሁለቱ የምመርጠው ሲትሪኩን ነው። ለብሎን፣ ለዳዶ፣ ለማጠፊያና በእጅ ለማይደረስባቸው ጥርሶች ከዚህ የሚሻል ርካሽ መንገድ የለም። ላዩን የዛገ ብሎን በጥቂት ሰዓት ይጠራል፤ ክፉኛ የበላው አንድ ሌሊት ይፈልጋል። ከሌሊት በላይ መተው ግን ጤነኛውን ብረት ማስበላት ነው። አሲዱ ዝገቱን ጨርሶ ወደ ብረቱ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ዕቃው ከመዘፍዘፊያው ሲወጣ ግራጫና ፍጹም ራቁቱን ነው። በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ የደሴ ጭጋግ ውስጥ፣ ዓይን እያየ ቀይ ይለብሳል። በመሆኑም ወዲያው በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ በዘይት ወይም በቀለም ይሸፈን። ትንንሽ ክፍሎችን ምጣድ ከወረደ በኋላ በምድጃው ላይ በቀረው ሙቀት ማድረቅ ከየትኛውም መሣሪያ በላይ ይቀናል፤ የቤት እመቤቷ ከፈቀደች።

አሲድ ሊነካቸው የማይገባ ክፍሎች አሉ። አሉሚኒየም፣ የዚንክ ካርቡሬተር፣ ኩሽኔታ፣ እንዲሁም ሞላ ሁሉ ከዚህ ይከልከሉ። ጠንክሮ የተሠራ ብረት በአሲድ ውስጥ ሃይድሮጅን ይጠጣና ውሎ አድሮ ያለ ምክንያት ይሰበራል፤ የማስነሻው ገመድ ሞላ በእጅ ላይ ቢፈነዳ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ኤሌክትሮሊሲስ

ይህ ዕቃውን በሶዳ ውሃ ውስጥ አድርጎ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ዝገቱን ማንሳት ሲሆን፣ በአግባቡ ሲሠራ ለብረት ከሁሉም የዋህ መንገድ ነው፤ ዝገቱን ሲያነሳ ጤነኛውን ብረት አይነካም። የሚያስፈልገው የፕላስቲክ በርሜል ወይም ባልዲ፣ ውሃ፣ በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል የልብስ ሶዳ፣ 12 ቮልት የባትሪ ቻርጀርና ጥቂት ቁራጭ ፌሮ ነው። የቻርጀሩ ኔጋቲቭ፣ ማለትም ጥቁሩ፣ በሚጠዳው ዕቃ ላይ ይታሰራል፤ ፖዘቲቩ ቀዩ ደግሞ በፌሮው ላይ። ሁለቱ በውሃው ውስጥ ሊነካኩ አይገባም። አዳዲስ አውቶማቲክ ቻርጀሮች ባትሪ ካልተሰማቸው አይነሱምና የድሮው ዓይነት ይሻላል።

ሽቦውን ማዛባት የሚያስከፍለውን ዋጋ ራሴ ከፍዬዋለሁ። ሞተሩን ከጀልባው ጋር ከሚያስሩት ሁለት ጠምዛዥ ብሎኖች አንዱን ማታ አስሬ፣ ቻርጀሩን ሰክቼ ተኛሁ። ጠዋት ባልዲውን ስከፍት መሥዋዕት ይሆናል ያልኩት ፌሮ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ መስሎ ያበራል፤ ብሎኑ ግን ጥርሱ ቀጥኖ፣ አንገቱ ላይ እንደ እርሳስ ሹሏል። ቀይና ጥቁሩን አዛብቼ፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይገኘውን ዕቃ እያስበላሁ በጥቂት ብር የሚገዛውን ፌሮ ሳጠራ አድሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሽቦውን ካሰርኩ በኋላ አምስት ደቂቃ ቆሜ እመለከታለሁ፦ ብዙ አረፋ የሚወጣው ከሚጠዳው ዕቃ ላይ መሆን አለበት።

ሦስት ጥንቃቄዎች አይታለፉም። በፌሮው ፈንታ አይዝጌ ብረት አይገባም፤ በውስጡ ያለው ክሮሚየም ወደ መርዛማ ውህድነት ተለውጦ ውሃው ውስጥ ይቀራል። በሶዳው ፈንታ የገበታ ጨው አይጨመርም፤ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጅን ስለሆነ ሥራው ደጅ ላይ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይካሄድ። አሉሚኒየምና ሞላም እዚህ አይገቡም፤ አሉሚኒየምን ሶዳው ራሱ ይበላዋል።

በአካባቢያችን ሁኔታ ይህ መንገድ አንድ ብልጫ አለው። መብራት በመሃል ቢሄድ ዕቃው በሶዳ ውሃ ውስጥ ቢቆይ ብዙ አይጎዳም፤ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። አሲድ ግን መብራት ኖረ አልኖረ መብላቱን አያቋርጥም።

ሳንድብላስት

ይህ በአየር ግፊት አሸዋ እየረጩ ዝገቱን ማንሳት ነው። ፈጣን ነው፤ ለትልልቅ ማቀፊያዎችና ለሞተሩ መስቀያ ተስማሚ ነው። ሆኖም አሸዋ የሚረጨው ባለሙያ የሚያስበው ስለ በርና ስለ መኪና ቻሲ ነው፤ ኩሽኔታ የሚገባበት ቀዳዳ፣ የጓርኒሲዮን ገጽና ጥርስ ያለው ቦታ ሁሉ አስቀድሞ ካልተደፈነ በአንድ ደቂቃ ይበላሻል። በውሃ መሄጃ ቦዮች ውስጥ የቀረች ፍሬ አሸዋም ኋላ ላይ የውሃ ፓምፑን ታጠፋለች። ለአሉሚኒየም ተራ አሸዋ ሸካራ ስለሆነ የመስታወት ፍሬ ይመረጣል። የወንዝ አሸዋ አቧራ ሳንባን ለዘለቄታው የሚጎዳ ሲሊካ ስላለበት በነጠላ ጨርቅ ብቻ አፍን ሸፍኖ መሥራት አይበቃም።

ዝገት ለዋጭ

ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ፈሳሽ ሲሆን፣ ቀይ ዝገቱን ወደ ጥቁር የብረት ፎስፌት ይለውጠዋል። የማይነቀልና የማይዘፈዘፍ ብረት ላይ፣ ለምሳሌ በክፈፉ ውስጠኛ ማዕዘን፣ ከቀለም በፊት ይጠቅማል። ልቅ የሆነው ዝገት አስቀድሞ ካልተፈቀፈቀ ግን ላዩን ብቻ አጥቁሮ ታቹን ይተወዋል። ለስላሳ መጠጥ ውስጥ መዘፍዘፍ የሚባለውም የዚሁ ደካማ ዘመድ ነው፤ ስኳሩን ማጠቡ ከዝገቱ ይበልጥ ይደክማል።

የማይፈታ ብሎን

ከእድሳቱ ጊዜ ግማሹን የሚወስደው ይህ ስለሆነ ራሱን ችሎ ይታይ። በአሉሚኒየም ውስጥ የገባ የብረት ብሎን ውሃ ሲያገኝ ሁለቱ እንደ ባትሪ ይሆኑና አሉሚኒየሙ እየተበላ የሚያወጣው ነጭ ዱቄት ጥርሱን እንደ ሲሚንቶ ይደፍነዋል። በረጅም ቁልፍ መታገል የሚያስከትለው መሰበርን ነው።

መጀመሪያ ዘልቆ ገቢ ዘይት ይሞከር። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ተቀላቅለው የሚሠሩት ውህድ ለዚህ ይበቃል፤ ሁለት ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ይንጠብጠብና የብሎኑ ራስ በመዶሻ በቀስታ ይመታ። ካልፈታ ሙቀት ይከተላል። ሙቀት የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ አሉሚኒየም በየሜትሩ 23 ማይክሮሜትር ያህል ሲሰፋ፣ ብረት የሚሰፋው 12 ገደማ ነው። ስለዚህ የሚሞቀው ብሎኑ ሳይሆን ዙሪያው ያለው አሉሚኒየም መሆን አለበት። ጠብታ ውሃ ሲነካው ጭስ ብሎ የሚተን ከሆነ በቂ ነው። የብየዳ ጋዝ እሳት አይቅረበው፤ አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፣ በድንገት ይቀልጣል። የቤንዚን ጋኑና ካርቡሬተሩም ከዚህ ሁሉ በፊት ተነቅለው ይራቁ።

ያየሁት ከሁሉም የሚደንቅ ዘዴ ከአንድ የኮምቦልቻ ቶርኖ ሠራተኛ የተማርኩት ነው። የሲሊንደሩ ክዳን፣ የቴስታታው፣ ብሎን እምቢ ብሎኝ ተስፋ ስቆርጥ፣ «አብሽር ወንድምዓለም» ብሎ ዙሪያውን አሞቀና ከኪሱ የጧፍ ቁራጭ አውጥቶ ብሎኑ ሥር አስነካው። ሰሙ ቀለጠና ውሃ ወደ ደረቅ መሬት እንደሚሰርግ በጥርሱ መሃል ሲገባ ታየ። ጥቂት እስኪበርድ ጠብቆ መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ነቅነቅ አደረገው፤ ከዚያ ወደ መፍቻው። ጭርር እያለ ወጣ።

ብሎኑ ከተሰበረ ቀሪው ላይ ዳዶ በብየዳ ማስያዝ የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ይረዳል። ቆፍሮ ማውጣት የመጨረሻው ሲሆን፣ ብረቱ ከአሉሚኒየሙ ስለሚጠነክር ትራፓኖው እየተንሸራተተ ወደ ለስላሳው ይሄዳል። ይህ ቶርኖ ቤት የሚሠራ እንጂ ግቢ ውስጥ የሚሞከር አይደለም። ጥርሱ ከጠፋ የሽቦ ጥርስ፣ ሄሊኮይል የሚባለው፣ ይገባለታል።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መንገድ | ለብረት | ለአሉሚኒየም | ወጪ | የሚወስደው ጊዜ | ዋና አደጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| የእጅ ሥራ | ይሆናል | ይሆናል | ዝቅተኛ | ረጅም | የቀለም አቧራ |
| ሲትሪክ ወይም አቼቶ | በጣም ይሆናል | አይሆንም | ዝቅተኛ | ከጥቂት ሰዓት እስከ ሌሊት | ጤነኛ ብረት መብላት |
| ኤሌክትሮሊሲስ | በጣም ይሆናል | ፈጽሞ አይሆንም | መካከለኛ | ከሰዓታት እስከ አንድ ቀን | ሽቦ ማዛባት፣ ሃይድሮጅን |
| ሳንድብላስት | ለማቀፊያ ብቻ | በመስታወት ፍሬ | ከፍተኛ | አጭር | ልክ ያለው ገጽ መበላሸት |
| ዝገት ለዋጭ | ላዩን ለያዘ | አያስፈልግም | መካከለኛ | አጭር | ታች የሚቀር ዝገት |
| ቶርኖ ወይም መተካት | ጉድጓድ ላለው | ለተሰነጠቀ | ከፍተኛ | እንደ ወረፋው | ምትክ ማጣት |

ለማን የትኛው?

ሞተሩን ለዓሣ ማስገሪያ ወይም ሰው ለማሻገር የሚፈልግና ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው መልኩን ይተወው። ብሎኖቹን በሲትሪክ፣ አሉሚኒየሙን በእጅ ያጽዳ፤ የተረፈውን ብር ለውሃ ፓምፑ ጎማና ለማርሽ ሳጥኑ ውሃ መከላከያ ጎማዎች ያውለው። የማርሽ ሳጥኑ ዘይት እንደ ወተት ነጥቶ ከወጣ ውሃ ገብቷል ማለት ነውና፣ ሳጥኑ ተከፍቶ ኩሽኔታዎቹ ሳይታዩ ለቀለም አንድ ብር ማውጣት ትርጉም የለውም። ጉድጓድ ያወጣ ኩሽኔታ አይጸዳም፤ ይለወጣል።

ጊዜ እንጂ ገንዘብ የሌለው፣ መብራትም ያለው ሰው ለብረቱ ኤሌክትሮሊሲስን ይምረጥ። አሮጌውን ሞተር ለቅርስነት አሳምሮ ማስቀመጥ የሚሻ ደግሞ ማቀፊያዎቹን ብቻ ሳንድብላስት ያስደርግ፤ እግሩን በመስታወት ፍሬ የሚሠራ ካላገኘ በእጁ መጨረስ ይሻለዋል። የሲሊንደሩ ግድግዳ ጣት ሲዳስሰው የሚይዝ ጉድጓድ ካለው ግን የትኛውም ማጽጃ አያድነውም። ቶርኖ ቤት ተቦርቦሮ ሰፋ ያለ ፒስተንና ፋሻ ይፈልጋል፤ እነዚያ መገኘታቸው ሳይረጋገጥ ሲሊንደሩ አይቦርቦር።

ቀለምን በተመለከተ፣ ተራ ፀረ ዝገት ቀለም አሉሚኒየም ላይ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ይላጣል። ከቀለሙ በፊት የሚቀባ፣ አሉሚኒየሙን አጥብቆ የሚይዝ ኤች ፕራይመር ወይም ኢፖክሲ ፕራይመር ያስፈልጋል፤ እርሱም ከፈቀፈቁ በኋላ በዚያው ቀን መቀባት አለበት፣ ኦክሳይዱ ሳይመለስ። ኢፖክሲ ብርድ ስለማይወድ በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ሌሊት በደንብ አይደርቅም፤ ኮምቦልቻ ወርዶ መቀባት ወይም ከረፋድ እስከ ቀትር ባለው ሰዓት መሥራት ይመረጣል። መዳብ ያለበት የጀልባ ቀለም አሉሚኒየም እግር ላይ አይቀባ፤ መብላቱን ያፋጥነዋል።

የሚፈቱት ብሎኖች ሁሉ ሲመለሱ ጥርሳቸው ግሪስ ይቀባ። ከእግሩ ላይ ያለው አኖድ፣ ማለትም በአሉሚኒየሙ ፈንታ እንዲበላ የሚገጠመው ቁራጭ፣ እርሱም ይታይ። ለባሕር የሚሠራው ዚንክ እንዲህ ባለ ጣፋጭ ውሃ ውስጥ ቅርፊት ለብሶ ሥራ ያቆማል፤ ለሐይቅ የሚሆነው ማግኒዚየም ነው። የጀልባ ዕቃ ሻጭ በሌለበት፣ የውሃ ማሞቂያ ቦይለር ውስጥ የሚገባው ዘንግ ብዙውን ጊዜ ማግኒዚየም ስለሆነ ቶርኖ ቤት ተቆርጦ ሊገጠም ይችላል፤ ፍቅፋቂው በቀላሉ ስለሚቀጣጠልና ውሃ ሲነካ እሳቱ ስለሚብስ ሠራተኛው ይህን አውቆ ደረቅ አሸዋ አጠገቡ ያስቀምጥ። አኖድ ቀለም አይቀባም፤ ከሥሩ ያለው አሉሚኒየምም ራቁቱን ሆኖ መንካት አለበት። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ ግማሹ ተበልቶ ከሆነ ይለወጥ፤ እንደ አዲስ ሆኖ ከተገኘ ንክኪው ተቋርጧልና ተፈትቶ ሥሩ ይፈቅፈቅ።